ኦስቫልዶ ፑልዬሴና የታንጎ ዳንስ

በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቡዌኖስ አይሬስ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር የሚሳፈር ሰው ቪላ ክሬስፖ ወደሚባለው ሠፈር ሲደርስ፣ ማላቢያ-ኦስቫልዶ ፑልዬሴ ተብሎ የተሰየመ ጣቢያ ያገኛል። ጄኔራሎችና ፕሬዚደንቶች አደባባዩንና ጐዳናውን በስማቸው በያዙት ከተማ ውስጥ የአንድ ፒያኖ ተጫዋች ስም በባቡር ጣቢያ ላይ መዋሉ እንግዳውን ሊያስደንቀው ይችላል፤ አገሬውን ግን አያስደንቀውም። እንዲያውም የዚያ አገር ተዋንያንና ሙዚቀኞች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት የፑልዬሴን ስም ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይጠራሉ፤ ክፉ ዕድልን ያርቃል ይባላልና። ፎቶግራፉን እንደ ቅዱሳን ሥዕል አሳትመው በኪሳቸው የሚይዙም አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ኮሙኒስት ሆኖ ለኖረ ሰው ይህን የመሰለ ክብር መስጠት እንግዳ ነገር ነው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የውጭ አገር ሙዚቀኛ ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት ከዝናው የተነሣ አይደለም። በዝና ከሆነ ካርሎስ ጋርዴል ይበልጠዋል። ነገር ግን እኛ ሙዚቀኞች በተሰበሰብን ቍጥር የሚነሡ፣ ተነሥተውም ሳይፈቱ የሚቀሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ በጋራ የተገኘ ገቢ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለዳንስ የተፈጠረ ሙዚቃ እየጠለቀ ሲሄድ ደናሹን ይዞ መሄድ ይችላል ወይስ ትቶት መሄድ ግድ ይሆንበታል የሚለው ነው። ፑልዬሴ ለሁለቱም በሥራው መልስ ለመስጠት የሞከረ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ኦስቫልዶ ፔድሮ ፑልዬሴ ታኅሣሥ 2 ቀን 1905 በዚያው በቪላ ክሬስፖ ተወለደ። በዚያን ዘመን ታንጎ የሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ቢኖረው ነው። በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ማለት በቡዌኖስ አይሬስና በሞንቴቪዴዎ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ልጆች የሚመቱት የካንዶምቤ ከበሮ፣ ከኩባ የመጣው የሐባኔራ ምት፣ እንዲሁም ከኢጣሊያና ከስፓኝ በመርከብ እየጐረፉ የመጡት ስደተኞች ዜማ ተቀላቅለው የወለዱት የድሆች ዳንስ ነበር። መጀመሪያ ዋሽንት፣ ቫዮሊንና ጊታር ያጅቡት ነበር። ኋላ ግን ባንዶኔዎን የሚባለው የጀርመን መሣሪያ መጥቶ ዋሽንቱን ከቦታው አስለቀቀው። ባንዶኔዎን አኮርዲዮን ይመስላል፤ ነገር ግን የፒያኖ ቍልፍ የለውም፤ በአዝራር ብቻ የሚሠራ፣ ድምፁ ወደ ኀዘን የሚያደላ መሣሪያ ነው። የአገሩ ከበርቴዎች ይህን ዳንስ ለረጅም ጊዜ ይንቁት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ፓሪስ ስትወደው ጊዜ ግን እነሱም ወደዱት። የራስን ነገር ባዕድ ካላደነቀው አለማክበር የእነሱ ብቻ በሽታ አይደለም።

የፑልዬሴ አባት አዶልፎ በጫማ ሥራ የሚተዳደር ሠራተኛ ሲሆን፣ ማታ ማታ ከሠፈሩ ሙዚቀኞች ጋር ዋሽንት ይነፋ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቹም ቫዮሊን ተጫዋቾች ነበሩ። ትንሹ ኦስቫልዶ ራሱ በቫዮሊን ጀምሮ ወደ ፒያኖ ተሻገረ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በአንድ የሠፈር ቡና ቤት ተቀጥሮ መጫወት ጀመረ። ደንበኞቹ ቡና ቤቱን ባለቤቱ ለንጽሕና ግድ ስለሌለው የእናት አሳማዋ ቡና ቤት ብለው ሰይመውት ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶችም እየገባ ከምስሉ ጋር የሚሄድ ሙዚቃ በፒያኖ ይጫወት ነበር። የዚያን ዘመን ወጣት ሙዚቀኛ እንጀራ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በ1921 ፓኪታ ቤርናርዶ በምትባል ወጣት ሴት በሚመራ ጓድ ውስጥ ገባ። እርስዋ ባንዶኔዎንን ሙያዬ ብላ በአደባባይ ለመጫወት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። መሣሪያው በጭን ላይ ተደርጎ የሚለጠጥና የሚጨመቅ በመሆኑ ለሴት ልጅ ነውር ነው ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በኮሪየንቴስ ጐዳና ላይ በሚገኘው ዶሚንጌስ ቡና ቤት መድረክ ወጥታ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ሕዝብ ሰበሰበች። ከአራት ዓመት በኋላ በለጋ ዕድሜዋ ሞተች። ድምፅዋ በሸክላ አልተቀረጸም። በጓድዋ ውስጥ ከፑልዬሴ ጎን የተጫወተው ኤልቪኖ ቫርዳሮ በኋላ ከታንጎ ታላላቅ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

በዚሁ በአፍላ ዕድሜው ፑልዬሴ ሬኩዌርዶ የተባለውን ድርሰቱን ሠራ። የቃሉ ትርጓሜ ትዝታ ማለት ነው። ከእኛው ቅኝት ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙን ስሰማ ግን ጆሮዬ ሳያስበው ወደ አገሩ ይሄድብኛል። ደራሲው ዕድሜው ያልደረሰ ስለ ነበረ ድርሰቱ በአባቱ በአዶልፎ ስም ወጣ። በ1926 የሁሊዮ ዴ ካሮ ጓድ በሸክላ ሲቀርጸው የከተማው ሙዚቀኞች ሁሉ አዲስ ነገር መምጣቱን ተረዱ። ከዚያ በፊት የነበረው ታንጎ በአብዛኛው አንድ ዜማ ይዞ የሚደጋግም ነበር። በሬኩዌርዶ ውስጥ ግን ዜማው በባንዶኔዎኖቹና በቫዮሊኖቹ መካከል ይመላለሳል፤ በመጨረሻው ክፍል ባንዶኔዎኖቹ በፍጥነት የሚያወርዱት ልውጥ ዜማ እስከ ዛሬ ለተማሪዎች መፈተኛ ሆኖ ይሰጣል።

ዴ ካሮ ከ1924 ጀምሮ ባቋቋመው የስድስት ሰዎች ጓድ ታንጎን ለዳንስ ብቻ ሳይሆን ለማዳመጥም የሚበቃ አድርጎ ያቀናበረ ሰው ነው። ፑልዬሴም ዕድሜውን ሙሉ ራሱን የዴ ካሮ ትምህርት ቤት ልጅ አድርጎ ይቈጥር ነበር። ከዚህ ሌላ፣ በኋላ ማርታ አርጌሪችን ካስተማረው ከቪንሴንቴ ስካራሙሳ ዘንድ ክላሲካዊውን የፒያኖ ጥበብ ተማረ። በፔድሮ ማፍያ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠራ። በ1929 ከቫርዳሮ ጋር ሆነው የራሳቸውን ጓድ መሠረቱ። ያን ጓድ የሰሙት ሙዚቀኞች ከዘመኑ የቀደመ እንደ ነበረ መስክረዋል፤ ገበያው ግን አልፈለገውም። በየክፍለ ሀገሩ ዞረው ከስረው ተመለሱ፤ አንድም ሸክላ ሳያስቀርጹ ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለሙዚቀኛው ክፉ ነበሩ። ድምፅ ያለው ፊልም በመምጣቱ በየሲኒማ ቤቱ ይጫወቱ የነበሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። የዓለም የኤኮኖሚ ውድቀት ተጨመረበት። ፑልዬሴ የሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዱ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በ1936 የስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ከፓርቲው አልወጣም።

በዚሁ መካከል የታንጎ ዳንስ እንደገና ተነሣ። ሁዋን ዳርዬንሶ የተባለው መሪ በ1935 አካባቢ ምቱን ፈጠን፣ ቈረጥ አድርጎ በመጫወቱ ወጣቱ ወደ ዳንሱ አዳራሽ ተመለሰ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1955 ድረስ ያለው ሃያ ዓመት የታንጎ ወርቃማ ዘመን እየተባለ ይጠራል። በየሠፈሩ የስፖርት ክበብ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየራዲዮ ጣቢያው ኦርኬስትራ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ሴት ከመጋበዛቸው በፊት እርስ በርሳቸው ለወራት ይለማመዱ ነበር፤ መጀመሪያ እየተመሩ፣ ኋላም እየመሩ። በአዳራሹ ውስጥ ወንዱ ከሩቅ ዐይን ለዐይን ይገናኝና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይጋብዛል፤ ሴትዮዋ ካልፈለገች ፊትዋን ታዞራለች፤ ማንም አያፍርም። ጥንዶቹ ሁሉ ከሰዓት አቈጣጠር በተቃራኒ አቅጣጫ አዳራሹን ይዞራሉ። የዳንሱ እርምጃ ቀድሞ የተወሰነ አይደለም። ወንዱ በደረቱ ያሳስባል፤ ሴቲቱ በራስዋ ጊዜና ክብደት ትመልሳለች፤ ሁለቱም የሚታዘዙት ለኦርኬስትራው ነው። ስለዚህ ኦርኬስትራው ሲለወጥ ዳንሱም ይለወጣል።

ነሐሴ 11 ቀን 1939 ፑልዬሴ በኮሪየንቴስ ጐዳና በሚገኘው ናሲዮናል ቡና ቤት አዲሱን ኦርኬስትራውን ይዞ ቀረበ። ይህ ኦርኬስትራ ከሌሎቹ የተለየበት የመጀመሪያው ነገር ሙዚቃው አልነበረም። በዘመኑ ልማድ የኦርኬስትራው መሪ ውሉን ይፈርማል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ለተጫዋቾቹ የፈቀደውን ይከፍላል። ፑልዬሴ ግን ኦርኬስትራውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አደረገው። ገቢው ለአባላቱ በነጥብ ይከፋፈል ነበር። አንድ ሰው ነጥቡን የሚያገኘው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን ስንት ዘመን አብሮ እንደ ሠራ፣ ሙዚቃ ያቀናብር ወይም ይደርስ እንደ ሆነ፣ ለጋራው ሥራ ምን እንዳበረከተ እየታየ ነው። መሪው ራሱ እንደ ማናቸውም አባል የነጥቡን ድርሻ ይወስድ ነበር።

የዚህ አሠራር ፍሬ በሙዚቃው ውስጥ ይሰማል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ቅንብሩ ከአንድ እጅ አልወጣም። የመጀመሪያው ባንዶኔዎን ተጫዋች ኦስቫልዶ ሩጄሮ፣ እነ ማሪዮ ዴማርኮ፣ እነ ኤሚሊዮ ባልካርሴ፣ እነ ሁሊያን ፕላሳ ሁሉ ለኦርኬስትራው ደርሰዋል፣ አቀናብረዋልም። ይሁን እንጂ ሸክላውን የሚሰማ ሰው ከአሥር ሰከንድ በኋላ ይህ ፑልዬሴ ነው ይላል። የተቀጠረ ሰው የታዘዘውን ይጫወታል፤ የድርጅቱ ባለቤት የሆነ ሰው ግን ነገ የሚሰማውን ድምፅ ዛሬ ተጨንቆ ይሠራል። ሩጄሮ ከጅማሬው አንሥቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ከቦታው አልተነቃነቀም፤ በሌሎች ኦርኬስትራዎች እንዲህ ያለው ጽናት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልበል። በ1946 የተቀረጸው ላ ዩምባ የተባለው ድርሰቱ ስሙን ያገኘው ከራሱ ምት ነው። በአራቱ ምቶች ውስጥ አንደኛውና ሦስተኛው በኦርኬስትራው ሁሉ ኀይል ይመታሉ፤ ባንዶኔዎኑ ይጨመቃል፣ የቫዮሊኑ ቀስት አውታሩን ይመታል፤ ይህ ዩም ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ምት በፒያኖው ዝቅተኛ ድምፆችና በኮንትራባሱ ከሥር እንደ ማስተጋባት ይመለሳሉ፤ ይህ ባ ነው። ከዚህ በላይ ኀይለኛው ምት ከመድረሱ በፊት ድምፁ ተጐትቶ ይነሣል፤ ከባድ ጋሪ ከመንቀሳቀሱ በፊት እንደሚንገጫገጨው ማለት ነው። በፋብሪካ ሲሠራ የዋለው የቪላ ክሬስፖ ሰው ይህን ሲሰማ የመኪናውን ምት ያስታውሰው ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሰው ትንፋሽ ጋር ይበልጥ ይመሳሰልብኛል።

ነገር ግን ፑልዬሴ ይህን ኀይለኛ ምት እስከ መጨረሻው አይዘልቅበትም። ድንገት ይተወዋል። አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይቀራል፤ ፍጥነቱ ይለሰልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ጊዜው ራሱ የቆመ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ደናሹ የሚፈተነው። የዳርዬንሶን ሙዚቃ በእግሩ የሚከተል ሁሉ መደነስ ይችላል። በፑልዬሴ ሙዚቃ ግን እግር አይበቃም፤ መቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ዐዋቂዎቹ ጥንዶች ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር አንድም እርምጃ ሳይራመዱ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ብቻ እያሸጋገሩ፣ የሚመጣውን ምት በትንፋሻቸው ይጠብቃሉ። በ1940ዎቹ ይህን የሚችሉ ደናሾች በብዙ ሺህ ይቈጠሩ ነበር፤ ፑልዬሴም እየተከተሉት ከክበብ ክበብ የሚዞሩ ወዳጆች ነበሩት። በዝግጅቱ መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ኦርኬስትራው ወደ ኮሎን ይግባ እያሉ ይጮኹ ነበር። ኮሎን በ1908 የተከፈተ ታላቅ የኦፔራ ቤት ነው። ለዳንስ ኦርኬስትራ እንዲህ ብሎ መጮኽ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ምኞት ነበር።

ኔግራቻና ማላንድራካ የተባሉት በ1940ዎቹ መጨረሻ የተቀረጹ ድርሰቶቹ ከዚህም ርቀው ሄዱ። ምቱ በውስጣቸው ይሰባበራል፣ ይፈናቀላል። አስቶር ፒያሶላ ኋላ ለደረሰበት አዲስ ታንጎ መንገድ ጠራጊ እንደ ሆኑ ብዙ ተንታኞች ይናገራሉ። ልዩነቱ፣ ፒያሶላ በ1955 ስምንት ሰዎች የያዘ ጓዱን ሲያቋቁም ደናሹን አሰናብቶ አድማጩን ብቻ ማስቀረቱ ነው። ፑልዬሴ ከደናሹ ጋር ቀረ። ይህን ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለቱ የሚከብደው የፑልዬሴ መንገድ ነው ባይ ነኝ፤ በሙዚቃው ውስጥ አዲስ ነገር ባገባ ቍጥር እግር ሊሸከመው የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበትና።

ለእምነቱ የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በተለያዩ መንግሥታት ዘመን በራዲዮ እንዳይሰማ ታግዷል፤ ተደጋግሞ ታስሯልም። በ1955 በፔሮን መንግሥት ለወራት በዴቮቶ እስር ቤት ቈየ። ፔሮንን አውርደው ሥልጣን የያዙት ወታደሮችም በተራቸው አሰሩት፤ ለእስር ቤትነት በዋለች መርከብ ላይም ቈይቷል። እሱ በሌለባቸው ምሽቶች ኦርኬስትራው አልተበተነም። አባላቱ እንደ ልማዳቸው ወጥተው ይጫወቱ ነበር፤ በፒያኖው ላይም ካርኔሽን የሚባለውን አንድ ቀይ አበባ ያስቀምጡ ነበር። ማብራሪያ የሚሰጥ አልነበረም፤ አዳራሹ ሁሉ ይገባው ነበር። የመሪውን ስም ብቻ ተሸክሞ የሚሄድ ኦርኬስትራ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ በፈረሰ ነበር።

በቀይ ዓርማ ስም በአገራችን ምን እንደ ደረሰ የምናውቅ ሰዎች ስለዚህ አበባ ስናነብ ልባችን በሁለት መከፈሉ አይቀርም። በእኔም ላይ ደርሷል። በ1959 ሶቪየት ኅብረትንና ቻይናን ከነኦርኬስትራው ዞሮ ተጫውቶባቸዋል፤ በእነዚያ አገሮች ስለ ታሰሩ አርቲስቶች በአደባባይ ሲከራከር አናገኘውም። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ለእሱም ክብር አይሆንም። በራሱ ቤት ግን፣ ማለት በኦርኬስትራው ውስጥ፣ ያመነበትን እኩልነት በገንዘብ ጉዳይ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈጽሞ ማሳየቱም ሊካድ አይችልም።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ታንጎ ተዳከመ። ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ወጣቱን ወሰደው፤ የሸክላ ኩባንያዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ያለውን ኦርኬስትራ መክፈል የሚችል አዳራሽ ጠፋ። ፑልዬሴ በ1965 ወደ ጃፓን ሄዶ ተጫወተ፤ ታንጎ በአገሩ ሲረሳ በዚያ ብዙ አፍቃሪዎች ነበሩትና። በ1968 ግን ከሁሉ የከበደው ነገር ደረሰ። ሩጄሮን፣ ባልካርሴንና ፕላሳን ጨምሮ ስድስት ዋና ዋና ተጫዋቾች ከዘፋኙ ከሆርሄ ማሲዬል ጋር ወጥተው ሴክስቴቶ ታንጎ የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። የገበያው መጥበብ የግድ ያደረገው መለያየት ነበር፤ ስድስት ሰዎች ሥራ ሊያገኙ በሚችሉበት ቦታ አሥራ ሁለት ሰዎች ሊያገኙ አይችሉምና። የነጥቡ አከፋፈል የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን የሚከፋፈለው ገንዘብ ሲያንስ ትክክለኛነቱ ብቻውን ቤተሰብ አያበላም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ታሪክ ስንናገር ይህንንም አብረን መናገር አለብን።

ፑልዬሴ በዚያ ጊዜ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጡረታ ይወጣል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። እሱ ግን ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶችን ሰብስቦ እንደገና ጀመረ። ሮዶልፎ ሜዴሮስ፣ ሁዋን ሆሴ ሞሳሊኒ፣ ዳንዬል ቢኔሊ የተባሉት ባንዶኔዎን ተጫዋቾች በዚህ ኦርኬስትራ ውስጥ አደጉ። በ1970ዎቹ ወታደራዊው መንግሥት አገሪቱን ሲያስጨንቅ ሞሳሊኒ ወደ ፓሪስ ተሰደደ፤ በዚያም ባንዶኔዎን ሲያስተምር ኖረ።

ወታደሮቹ በ1983 ከሥልጣን ወረዱ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ፑልዬሴ ሰማንያ ዓመት በሞላው ወር፣ የዱሮዎቹ ወዳጆች ሲጮኹለት የኖሩት ነገር ተፈጸመና ኦርኬስትራው በኮሎን መድረክ ላይ ተጫወተ። ከሩቅ ሠፈሮች የመጡ፣ ያን ኦፔራ ቤት ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሞሉት። ያን ምሽት ከፑልዬሴ ጋር ቀድሞ ተለያይተው የነበሩት ባልደረቦቹም በመድረኩ ተገኝተው ላ ዩምባን አብረውት ተጫወቱ። በ1989 ደግሞ በአምስተርዳም ከፒያሶላ ጋር በአንድ መድረክ ቀረበ፤ ደናሹን የተወውና ከደናሹ ጋር የቀረው ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ታንጎ አርሄንቲኖ የተባለው የመድረክ ትርኢት በ1983 በፓሪስ፣ በ1985 በኒውዮርክ ከታየ ወዲህ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ዳንሱን ለመማር ወደ ቡዌኖስ አይሬስ ይጐርፉ ጀመር። በአገሩም ያሉ ወጣቶች አያቶቻቸውን አስተምሩን ማለት ያዙ። በ2009 ዩኔስኮ ታንጎን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ፑልዬሴ የዚህን ትንሣኤ መጀመሪያ አይቶ ሐምሌ 25 ቀን 1995 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ፤ በቻካሪታ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ልጁ ቤባ ፑልዬሴ፣ የልጅ ልጁም ካርላ ፑልዬሴ ፒያኖ ተጫዋቾች ሆነዋል።

ሚሎንጋ በሚባሉት የታንጎ ዳንስ ምሽቶች ሸክላውን የሚመርጠው ሰው የአንድ ኦርኬስትራ ሦስት ወይም አራት ቅጂዎች በተከታታይ ያሰማና ጥንዶቹ እንዲለያዩ በመካከሉ ሌላ ዓይነት አጭር ሙዚቃ ይለቃል። በምሽቱ መጀመሪያ ላይ ፑልዬሴን የሚያሰማ አይበዛም። ሕዝቡ እግሩን በዳርዬንሶ ያፍታታል፤ በአኒባል ትሮይሎና በሌሎችም ያመሻል። እኩለ ሌሊት ካለፈና ጀማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ላ ዩምባ ይነሣል። በዚያ ጊዜ ከወንበራቸው የሚነሡት ጥቂቶች ናቸው። ቫዮሊኑ ብቻውን ወደሚቀርበት ቦታ ሲደርስ በአዳራሹ ያሉት ጥንዶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ የጫማ ድምፅ አይሰማም።